የተደበቀ ሳጥን ለምን ይላካል? በምርጫ የሚታዩና የሚሰወሩ የፎርም ፊልዶች

ጂሬን_ዌብ · ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለቤቱ። ጉዳዩ የቡና አቅራቢዎች መመዝገቢያ ፎርም ነው። የሚሞላው ጅማ ከተማና ዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ አብዛኛው በስልክ። ከኋላ (ሰርቨሩ ላይ) ላራቬል የተባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ፣ ከፊት ተራ ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕት፤ ሪአክት የለበትም።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አቅራቢው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፦ ግለሰብ አርሶ አደር፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይስ ነጋዴ። ነጋዴ ከተባለ ባለ 10 አሃዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ቅጂ መጫኛ ይመጣል። ግለሰብ ከተባለ ባለ 12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር። ከዚያ የቡናው ዓይነት፦ ቀይ እሸት፣ ጀንፈል፣ የታጠበ። የታጠበ ከሆነ የማጠቢያ ጣቢያው ስም፣ ጣቢያው የራስ ነው ወይስ በኪራይ፤ በኪራይ ከሆነ ደግሞ የአከራዩ ስም። መጨረሻ ላይ መጠን፣ በኪሎ ወይም በፈረሱላ።

የምደብቀው በዲስፕሌይ ነን (ሳጥኑ ገጹ ላይ እንዳይታይ በሚያደርግ የሲኤስኤስ ትእዛዝ) ነው። ሦስት ነገር አስቸግሯል፦

1. ግለሰብ አርሶ አደር ሁሉንም ሞልቶ "ላክ" ሲል ምንም አይሆንም። የስህተት ጽሑፍም የለም።
2. 680 ኪሎ ያስገባ ሰው ዳታቤዝ ውስጥ 40 ኪሎ ሆኖ ተቀመጠ።
3. ወደኋላ ተመልሶ ሲመጣ "የታጠበ" እንደተመረጠ ነው፤ የጣቢያው ሳጥኖች ግን የሉም።

ሦስቱም አንድ ምክንያት አላቸው ወይስ ለየብቻ ናቸው?

አዌቱ_ዳር · ከምሽቱ 2:48

የቁጥር 1ና የቁጥር 2 ምንጭ አንድ ነው። "መደበቅ" ስንል ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን ደርበን ነው፦ ሳጥኑ ለዓይን መታየቱ፣ ዋጋው ለሰርቨር መላኩ፣ መሞላቱ ግዴታ መሆኑ። ዲስፕሌይ ነን የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሳጥኑ ከስክሪን ይጠፋል እንጂ ፎርሙ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ የተጻፈበትም ይላካል፣ ሪኳየርድ (መሞላቱ ግዴታ) ከነበረም ሪኳየርድ ነው።

የቁጥር 1 ምክንያት እሱ ነው። ኤፍ12 ተጫንና ኮንሶሉን እየው። ክሮም ላይ ከሆንክ ፎከስ ሊደረግበት የማይችል ያልተስተካከለ ፊልድ አለ የሚል ቀይ መስመር ታገኛለህ፤ የፊልዱንም ስም ይነግርሃል። ብሮውዘሩ የግብር መለያ ቁጥሩ ባዶ መሆኑን አይቶ ሰውየውን ወደዚያ ሊወስደው ይፈልጋል፤ ሳጥኑ ግን የለም። ስለዚህ አይልክም፣ ለተጠቃሚውም ምንም አይለው።

መፍትሔው ሳጥኑን ሳይሆን ቡድኑን መያዝ ነው። አብረው የሚታዩትንና አብረው የሚሰወሩትን በአንድ ፊልድሴት (ሳጥኖችን በቡድን የሚያቅፍ የኤችቲኤምኤል ክፍል) ውስጥ አስገባ። ስትደብቅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አድርግ፦ ፊልድሴቱን ሂድንም (የተሰወረ) ዲሴብልድም (የተዘጋ) አድርገው። ፊልድሴት ዲሴብልድ ሲሆን በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮት ይዘጋል። ዲሴብልድ የሆነ ፊልድ አይላክም፣ ሪኳየርድ ቢሆንም አይመረመርም። ሪኳየርድን በጃቫስክሪፕት እያወጡ እያስገቡ መልፋት አያስፈልግም፤ ኤችቲኤምኤሉ ላይ አንዴ ጽፈህ ትተወዋለህ።

ይህን የሚሠራ አንድ ፈንክሽን ብቻ ይኑርህ። "አስተካክል" እንበለው፦

በምርጫ የሚታዩትን ፊልድሴቶች ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ ያዝ።
ለእያንዳንዱ፣ ፎርሙ አሁን የሚልከውን ዳታ በፎርምዳታ (ይህንኑ በሚሰበስበው የብሮውዘሩ መሣሪያ) እንደ አዲስ አንብብ።
ሁኔታው ከተሟላ ሂድንንም ዲሴብልድንም አንሳ።
ካልተሟላ ሁለቱንም አድርግ።

ሁኔታውን ራሱ ፊልድሴቱ ላይ በዳታ አትሪቢዩት ጻፈው፦ የትኛው ፊልድ፣ ምን ሲሆን። ያኔ ነገ አራተኛ የአቅራቢ ዓይነት ቢመጣ ጃቫስክሪፕቱን አትነካውም።

ፎርምዳታ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ዋጋውን ከሳጥኑ በቀጥታ ካነበብክ ዲሴብልድ የሆነውም መልስ ይሰጥሃል። አንድ ሰው "የታጠበ" ብሎ "በኪራይ" መረጠ እንበል፤ ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ "ጀንፈል" አለ። የጣቢያው ቡድን ተዘጋ፤ "በኪራይ" ግን ውስጡ ምልክት እንደተደረገበት ስለሆነ የአከራዩ ስም ብቻውን ሜዳ ላይ ቀርቶ ታየዋለህ። ፎርምዳታ ዲሴብልድ የሆነውን ስለማይቆጥር ሰንሰለቱ ራሱ ይበጠሳል። ሌላው መንገድ የአከራዩን ፊልድሴት በጣቢያው ፊልድሴት ውስጥ ማስገባት ነው፤ ውጪው ሲዘጋ ውስጡም ይዘጋል። ለአንተ ሁለቱንም አድርግ እላለሁ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቡድኑን የሚከፍተው ምርጫ ራሱ በሚዘጋው ፊልድሴት ውስጥ እንዳይሆን። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት ይሆናል።

ቀይ_እሸት · ከምሽቱ 3:05

ቁጥር 2 ላይ ልጨምር። ጂሬን፣ የኪሎውም የፈረሱላውም ሳጥን ኔም አትሪቢዩታቸው (ለሰርቨሩ የሚላኩበት ስም) አንድ ነው፣ አይደል? ሁለቱም "መጠን"?

ጂሬን_ዌብ · ከምሽቱ 3:09

አዎ፣ አንድ ነው። ኪሎው ከላይ፣ ፈረሱላው ከታች።

ቀይ_እሸት · ከምሽቱ 3:22

እንግዲያው የሆነው ይህ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ፈረሱላ መርጦ 40 ጻፈ። ከዚያ ወደ ኪሎ ቀየረና 40 በ17 አባዝቶ 680 አለ። ፈረሱላው ተሰወረ እንጂ 40ው አለ። "ላክ" ሲል ሁለት "መጠን" ሄደ፦ መጀመሪያ 680፣ ቀጥሎ 40። ፒኤችፒ ስሙ ሲደጋገም የመጨረሻውን ነው የሚይዘው። መለኪያው "ኪሎ"፣ ቁጥሩ 40። በዚህ አያያዝ 640 ኪሎ ቡና ጠፋ።

ኖድ (ሰርቨር ላይ የሚሠራ ጃቫስክሪፕት) ላይ ቢሆን ሁለቱ እንደ ዝርዝር ሆነው መጥተው ኮዱ ይሰበር ነበር፤ ቢያንስ ስህተቱ ይታወቅ ነበር። ፒኤችፒ ግን ዝም ብሎ ነው የሚውጠው።

የአዌቱ ዲሴብልድ ይፈታዋል። እኔ ግን ከነጭራሹ ሁለት ሳጥን አያስፈልግም ባይ ነኝ። አንድ የቁጥር ሳጥን፣ ከጎኑ መለኪያ መምረጫ፤ ወደ ኪሎ የሚመልሰው ሰርቨሩ ይሁን። ዳታቤዙ ላይ ሦስቱንም አስቀምጥ፦ የተጻፈውን ቁጥር፣ መለኪያውን፣ በኪሎ የተሰላውን። ነገ ክርክር ቢነሳ ሰውየው የጻፈው ምን እንደነበር ይታያል። ፎርም ላይ የሚደበቅ ነገር ባነሰ ቁጥር የሚሳሳት ነገርም ያንሳል።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ የግብር መለያውንና የፋይዳውን ቁጥር ታይፕ ነምበር አታድርጋቸው። የግብር መለያ ቁጥር በዜሮ ሊጀምር ይችላል፤ እንደ ቁጥር ከተያዘ ዜሮዎቹ ይረግፋሉ። ታይፕ ቴክስት አድርገህ ኢንፑትሞድ ኒውመሪክ ብትለው ስልክ ላይ የቁጥር ኪቦርድ ይመጣል፤ በቂ ነው።

ጂሬን_ዌብ · ከምሽቱ 3:40

ግልጽ ነው። ጥያቄ፦ ስደብቅ የተጻፈውን ላጥፋው ወይስ ልተወው? ዲሴብልድ ካደረግኩት ለማንኛውም አይላክም ማለት ነው።

አዌቱ_ዳር · ከምሽቱ 3:51

ተወው። ስልክ ላይ ጣት በስህተት ሌላ ምርጫ ነክቶ ሲመለስ ባለ 12 አሃዙን ቁጥር እንደገና ማስጻፍ ግፍ ነው። የተመረጠ ፋይልም ዲሴብልድ ቢሆን አይጠፋም፤ መልሰህ ስትከፍተው አለ።

ማጥፋት ያለብህ አንድ ቦታ ነው፦ የአንዱ ዝርዝር በሌላው ሲወሰን። ወረዳ ሲቀየር የቀበሌው ድሮፕዳውን አብሮ ይቀየራል። ወረዳው ከጎማ ወደ ሊሙ ኮሳ ተቀይሮ ቀበሌው የጎማ ሆኖ ከቀረ ዳታው ውሸት ነው። እዚያ ላይ አጥፋና "ቀበሌ ይምረጡ" ወደሚለው መልሰው። በኮድ ዋጋ ስትቀይር ደግሞ ቼንጅ ኢቨንት (መልስ ሲቀየር ብሮውዘሩ የሚያሰማው ምልክት) ራሱ አይነሳም፤ "አስተካክል"ን ራስህ ጥራ።

ቁጥር 3ን ረስቼው። ፈንክሽኑ የሚጠራው ምርጫ ሲቀየር ብቻ ከሆነ፣ ገጹ ተከፍቶ ምርጫው አስቀድሞ የተሞላ ሲሆን ማን ይጥራው? አራት ቦታ ጥራ፦ ገጹ ሲከፈት፣ ፔጅሾው ላይ (ወደኋላ ሲመለሱ ብሮውዘሩ ገጹን ከማስታወሻው አውጥቶ ሲያሳይ የመክፈቻው ኢቨንት ላይነሳ ይችላል)፣ ፎርሙ ላይ ቼንጅ ሲነሳ፣ እና ሪሴት ሲደረግ። የሪሴቱ ኢቨንት የሚነሳው ሳጥኖቹ ከመጽዳታቸው በፊት ስለሆነ በሴትታይምአውት ዜሮ አዘግየው፤ አለዚያ የድሮውን ዋጋ አንብቦ ይወስናል።

ፋየርፎክስ ላይ ሌላ አመል አለ። ሪሎድ ስታደርግ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ዲሴብልድ የነበረውንም እንደነበረ ሊያቆየው ይችላል። ለዚህ ነው ፈንክሽኑ ሁልጊዜ ሁለቱንም አቅጣጫ መጻፍ ያለበት፦ ሲሟላ ማንሳት፣ ሳይሟላ ማድረግ። "ኤችቲኤምኤሉ ላይ ክፍት ስለሆነ ክፍት ነው" ብለህ አትመን።

ሲኤስኤስ_ብቻ · ከምሽቱ 4:10

ይህ ሁሉ ጃቫስክሪፕት ለምን? በሲኤስኤስ ሃዝ (ውስጡ ባለው ነገር አንድን ክፍል የሚመርጥ) ይቻላል እኮ። ፎርሙ ውስጥ "የታጠበ" ቼክድ ከሆነ የጣቢያውን ቡድን አሳይ፣ ካልሆነ ሰውር፤ ሁለት መስመር። ድሮፕዳውንም ቢሆን የተመረጠውን ኦፕሽን በቼክድ መያዝ ይቻላል። ሳፋሪና ክሮም ከ2022 ጀምሮ፣ ፋየርፎክስ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ያውቁታል።

አዌቱ_ዳር · ከምሽቱ 4:18

ለእይታ ልክ ነህ። ግን ሲኤስኤስ ዲሴብልድ ማድረግ አይችልም፤ ቁጥር 1ም ቁጥር 2ም ባሉበት ይቆያሉ። ውስጡ ሪኳየርድ ለሌለበት፣ ለማብራሪያ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ግሩም ነው።

ሲኤስኤስ ካነሳህ አይቀር አንድ ልጨምር። ሂድን አትሪቢዩት በጣም ደካማ ነው። ፊልድሴቱ ላይ ዲስፕሌይ ፍሌክስ ወይም ግሪድ የሚል ክላስ ካለ ሂድን ይሸነፋል፣ ሳጥኑ እንደታየ ይቀራል። ሂድን ያለበት ሁሉ ዲስፕሌይ ነን ይሁን፣ ኢምፖርታንት፣ የሚል መስመር ሲኤስኤሱ መጀመሪያ ላይ አስገባ።

ታብ_ብቻ · ከምሽቱ 4:35

በኪቦርድና በስክሪን ሪደር የሚሠራ ሰው እዚህ ፎርም ላይ ምን እንደሚገጥመው ልናገር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው።

እንዲያምር ተብሎ ቁመቱን ወደ ዜሮ ማውረድ ወይም ኦፓሲቲ ዜሮ ማድረግ አለ። ለዓይን ጠፋ፤ ታብ ግን ይገባበታል። ሰውየው አራት ጊዜ ታብ ይጫናል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም። ስክሪን ሪደሩ ደግሞ የማይታየውን "የአከራይ ስም" ያነብለታል። እንቅስቃሴ ከፈለጋችሁ ሲያልቅ ሂድን ይሁን። ኢነርት ፎከሱን ይከለክላል፤ ዋጋው እንዳይላክ ግን አያደርግም፤ እሱን ከዲሴብልድ ጋር አታምታቱት።

ሁለተኛ፣ የሚከፈተው ቡድን ከከፈተው ጥያቄ ቀጥሎ ይምጣ። ከላይ ወይም ከጎን ከተከፈተ፣ ወደታች እያነበበ የሚሄድ ሰው አልፎታል። ፎከሱንም ነጥቃችሁ አዲሱ ሳጥን ላይ አትወርውሩት። ሬዲዮ በቀስት ሲኬድ እያንዳንዱ ምርጫ ቼንጅ ያስነሳል፦ ከ"ቀይ እሸት" ተነስቶ በወደታች ቀስት "የታጠበ" ጋ ለመድረስ "ጀንፈል"ን ማለፍ ግድ ነው። በየመሃሉ ፎከስ ከተነጠቀ የፈለገው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ጥያቄው ሲጠየቅም ምን እንደሚከተል ንገሩት። "የታጠበ (የጣቢያው ስም ይጠየቃል)" ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

በአንድ ምርጫ ከሦስት አራት ሳጥን በላይ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ያ ሌላ ገጽ ነው። የነጋዴውን ክፍል ለብቻው ገጽ አድርጉት።

ፊደል_ለቃሚ · ከምሽቱ 4:52

ጂሬን፣ ሁኔታውን ከምን ጋር ነው የምታነጻጽረው? "አቅራቢ እኩል ይሆናል ኅብረት ሥራ ማኅበር" ብለህ ከሆነ ተጠንቀቅ።

እኛ ኅ፣ ሕ፣ ህ አንድ ድምፅ ናቸው እንላለን። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ዩኒኮድ ላይ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ ኖርማላይዝ ብታደርግም አንድ አይሆኑም። ሥና ስም እንዲሁ። "ኅብረት ሥራ ማኅበር" የሚለውን ብቻ ብንቆጥር፦ የመጀመሪያው ፊደል 3 ዓይነት፣ "ሥራ" 2፣ የ"ማኅበር" መሃሉ 3። 18 አጻጻፍ፣ ሁሉም ለአንባቢ ትክክል የሚመስል። አንዱ ሰው ኤችቲኤምኤሉን በኅ ጽፎ ሌላው ስክሪፕቱን በህ ቢጽፈው ቡድኑ መቼም አይከፈትም። ኮዱን መቶ ጊዜ ብታነበው ስህተቱ አይታይህም፤ ዓይንህ እንደ አንድ ነው የሚያነበው። "ጸ" እና "ፀ"፣ "አ" እና "ዐ"ም ያው ናቸው።

ስለዚህ ቫልዩው አጭር የላቲን ኮድ ይሁን፤ አማርኛው ለሰው የሚታየው ሌብል ላይ ብቻ ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ ገጹን አፋን ኦሮሞም ብታደርገው ሁኔታው አይሰበርም። ጅማ ላይ የሚሞላ ፎርም ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ መቅረቡ አይቀርም።

ጂሬን_ዌብ · ከምሽቱ 5:03

የኔው በአማርኛው ነበር። ጉድ ነው! እቀይረዋለሁ። አሁን ሰርቨሩ ላይ ምን ላድርግ? ፊቱ ከተስተካከለ ይበቃል?

ላራ_ከፋ · ከምሽቱ 5:20

አይበቃም። ፎርሙን ማንም በፖስትማን ወይም በከርል ገጹን ሳይከፍት ሊልከው ይችላል። ኔትወርክ ተቆራርጦ ጃቫስክሪፕቱ ሳይወርድም ፎርሙ ሊላክ ይችላል። የፊቱ ሥራ ለሰውየው ማመቻቸት ነው፤ የሚወስነው ሰርቨሩ ነው።

ላራቬል ላይ፦

የግብር መለያ ቁጥሩ ላይ ኤክስክሉድ አንለስ (አቅራቢው ነጋዴ ካልሆነ ዋጋውን ጣል)፣ ከዚያ ሪኳየርድ፣ ከዚያ 10 አሃዝ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ ኤክስክሉዱ መጀመሪያ። ሪኳየርድ ኢፍ ብቻ ብትጠቀም ነጋዴ ያልሆነ ሰው የላከው ቁጥር አልፎ ይገባል፤ ግዴታውን ያነሳል እንጂ ዋጋውን አይጥልም።

ከዚያ ወደ ሞዴሉ የምታስገባው ቫሊዴትድ የሚመልሰውን (ፍተሻውን ያለፈውን) ብቻ ነው። ሪኩዌስት ኦል (የተላከውን ሁሉ) ካልክ የጣልከው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ማስተካከያው ገጽ ላይ ነው። አቅራቢው ባለፈው "የታጠበ" ብሎ የጣቢያ ስም አስገብቷል። ዛሬ "ጀንፈል" ብሎ ቀየረ። የጣቢያው ስም ኤክስክሉድ ስለተደረገ ቫሊዴትድ ውስጥ የለም፤ ስለሌለ አፕዴቱ ያንን ኮለም አይነካውም። መዝገቡ ላይ ጀንፈል ሆኖ የማጠቢያ ጣቢያ ያለው ቡና ተገኘ። አዲስ ሲመዘገብ አይታይም፣ ሲስተካከል ብቻ ነው የሚመጣው። መፍትሔው በሁኔታ የሚገቡትን ኮለሞች ሁሉ መጀመሪያ ነል (ባዶ) ብለህ አዘጋጅተህ፣ ከላዩ ቫሊዴትዱን መደረብ ነው።

ማይኤስኪውኤል ከ8.0.16 ወዲህ ከሆነ ቼክ ኮንስትሬይንትም ጨምርበት፦ ዓይነቱ የታጠበ ካልሆነ የጣቢያው ስም ነል ይሁን። ከዚያ በፊት ባሉት ቼክ ቢጻፍም ዝም ብሎ ይታለፋል።

ስህተት ተገኝቶ ፎርሙ ሲመለስ የድሮውን መልስ በኦልድ ሙላው። የተጫነው ፋይል ግን አይመለስም፣ ብሮውዘር አይፈቅድም፤ "ፈቃዱን እንደገና ይጫኑ" የሚል ጽሑፍ ሳጥኑ አጠገብ አድርግ።

ሰነፍ_ኔት · ከምሽቱ 5:31

ላራ ስለ ኔትወርክ ያለውን ላጠናክር። ኤችቲኤምኤሉ ሲመጣ ሁሉም ቡድን ክፍት ሆኖ ይምጣ፤ የሚደብቀው ስክሪፕቱ ይሁን። በሲኤስኤስ አስቀድሞ ተደብቆ ስክሪፕቱ ካልወረደ ነጋዴው የግብር ቁጥሩን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ክፍት ከሆነ ግን በዛ እንጂ ይሞላል። ታዲያ ሪኳየርዱንም ስክሪፕቱ ይጨምረው፤ አለዚያ ስክሪፕት በሌለበት አርሶ አደሩ የነጋዴውን ቁጥር ካልሞላ አይልክም። ግዴታውን ሰርቨሩ ያውቀዋል።

ገጹ ሲከፈት ሳጥኖቹ ብልጭ ብለው መጥፋታቸው ካስጠላህ ስክሪፕቱን ከውጭ ፋይል አውጥተህ ፎርሙ የሚዘጋበት መስመር ስር በቀጥታ ጻፈው። ሃያ ሠላሳ መስመር ነው።

ኮቦ_ተጠቃሚ · ከምሽቱ 5:44

ከኮድ ውጭ ለሚያነቡ፦ ኮቦ (ያለ ኮድ የመረጃ መሰብሰቢያ ፎርም መሥሪያ) ላይ ይህ ሁሉ "ሬለቫንት" በሚለው ኮለም አንድ መስመር ነው፤ የማይመለከተውንም መልስ ሲላክ ራሱ ይጥለዋል። ብዙ ምርጫ በሚፈቅድ ጥያቄ ላይ ግን የእኩል ምልክት አትጠቀሙ፤ ሰውየው ሁለት ነገር ከመረጠ እኩል አይሆንም። "ሴሌክትድ" የሚለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ። ጉግል ፎርም ደግሞ ሳጥን ለይቶ መደበቅ አይችልም፤ በመልሱ ወደ ሌላ ክፍል መላክ ብቻ ነው።

ጂሬን_ዌብ · በማግስቱ ከጠዋቱ 4:10

ሦስቱም ተስተካክለዋል፤ የመጠኑን ሳጥንም አንድ አድርጌዋለሁ። አንድ ቀረ። የወረዳው ድሮፕዳውን ፍለጋ እንዲኖረው በሰሌክት2 (ጄኳየሪ በተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ላይ የሚሠራ መምረጫ) ነው የተሠራው። ወረዳ ሲመረጥ "አስተካክል" አይጠራም፤ ሌሎቹ ላይ ሁሉ ይሠራል።

አዌቱ_ዳር · በማግስቱ ከጠዋቱ 4:26

ሰሌክት2 ቼንጁን የሚያስነሳው በጄኳየሪ ትሪገር ነው። በአድኢቨንትሊስነር የተተከለ ጆሮ ያንን አይሰማም። ለዚያ ፎርም ብቻ ማዳመጫውን በጄኳየሪ ኦን ጻፈው፤ ጄኳየሪ የብሮውዘሩንም የራሱንም ይሰማል፣ ስለዚህ ሌሎቹ አይበላሹም።

ከመልቀቅህ በፊት ግን ይህን በእጅህ ሞክር፦ ነጋዴ ብለህ ቁጥሩን ሙላ፣ ወደ ግለሰብ ቀይር፣ ላክ፤ ኔትወርክ ታብ ላይ ፔይሎዱን ክፈትና የግብር ቁጥሩ አለመኖሩን እይ። ከዚያ ወደኋላ ተመለስ፣ ነጋዴ በል፣ የቁጥሩ ሳጥን ተመልሶ መከፈቱን እይ። ቀጥሎ ያንኑ በታብና በቀስት ብቻ። መጨረሻ ላይ ጃቫስክሪፕቱን ዘግተህ አንድ ጊዜ።

ጂሬን_ዌብ · በማግስቱ ከጠዋቱ 5:02

ኦን ሠራ። ፔይሎዱም ንጹህ ነው። በታብ ስሞክር ግን የፋይል መጫኛው ተሰውሮም ፎከስ ይይዛል፤ ለካ ያ ሳጥን ከፊልድሴቱ ውጭ ተረስቶ፣ ለብቻው በኦፓሲቲ ነበር የተደበቀው። አስገብቼዋለሁ።